በሊትር የሚገዛ ፀረ አረም፣ በሄክታር የሚከፈል ዕዳ

የጋዜጦቻችን የኋላ ገጾች የጨረታ ማስታወቂያ መደርደሪያ ከሆኑ ቆይተዋል። የተሽከርካሪ ጎማ፣ የደንብ ልብስ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ የጽዳት ዕቃ በየረድፋቸው ይቀመጣሉ። በመካከላቸው አንዳንድ ጊዜ «ለሸንኮራ አገዳ እርሻ አገልግሎት የሚውሉ ፀረ አረም ኬሚካሎችን በግልጽ ጨረታ አወዳድሮ መግዛት ይፈልጋል» የሚል ማስታወቂያ ብቅ ይላል። ነጋዴው የመዝጊያውን ቀንና ሰዓት፣ የጨረታ ማስከበሪያውን መጠን አይቶ ይመዘግባል። ሌላው አንባቢ ገጹን ገልብጦ ያልፋል። ነገሩ የኬሚካል አስመጪዎችና የፋብሪካ ግዥ ክፍሎች ጉዳይ ይመስለዋል።

በእርግጥ የእነርሱ ብቻ ነውን? የአዲስ አበባ ነዋሪ ለዓመታት በሸማቾች ኅብረት ሥራ ሱቅ በራፍ ስኳር ለመቀበል ተሰልፏል። አገሪቱም የስኳር ፍላጎቷን ለመሙላት የውጭ ምንዛሪ ከፍላ ከውጭ ስትገዛ ኖራለች። ስለ ስኳር እጥረት ስንነጋገር ያልተጠናቀቁ ፋብሪካዎችን፣ ኮንትሮባንድንና ስግብግብ ነጋዴዎችን እናነሳለን። ስኳር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረተው ማሳ ላይ ነው። ማሳው በአረም ከተዋጠ የዓለም ምርጥ ፋብሪካ ቢተከልም የሚፈጨው አገዳ አያገኝም። ስለዚህ ፀረ አረም እንዴት፣ መቼና በምን መለኪያ ይገዛል የሚለው ጥያቄ የሁላችንም ጥያቄ ነው።

የዚህ ጸሐፊ እምነት አጭር ነው። የግዥ ሥርዓታችን ፀረ አረምን እንደ ሳሙናና እንደ ጎማ ይገዛዋል። የሊትር ዋጋ ያወዳድራል፣ አነስተኛውን ይመርጣል፣ ፋይሉን ይዘጋል። የዘገየው ቀን፣ የደከመው መድኃኒትና የተረፈው መርዝ ዋጋ ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ ስለማይጻፍ፣ በጨረታው ያልተሳተፉ ሰዎች ይከፍሉታል።

አረም ቀጠሮ አይሰጥም

የሸንኮራ አገዳ እርሻ በአገራችን በዘመናዊ መልክ የተጀመረው በሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሸዋና መተሐራ ተከተሉ፤ በ1967 ዓ.ም. ሁሉም በመንግሥት ተወረሱ። በኋላም ፊንጫኣ፣ ከሰም፣ ተንዳሆ፣ ጣና በለስ፣ ኦሞ ኩራዝና አርጆ ዲዴሳ ተጨመሩ። አገዳው በሁሉም ቦታ አንድ ጠባይ አለው። በልጅነቱ ዝግተኛ ነው። በተከላው መስመሮች መካከል ወደ አንድ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ባዶ መሬት ይቀራል። ያ መሬት መስኖ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ይቀምሳል፣ ፀሐይ ያገኛል። አገዳው አድጎ በቅጠሉ እስኪያለብሰው ድረስ ሦስት አራት ወራት ያልፋሉ። በእነዚህ ወራት ሰርዶው፣ እንግጫውና ቅጠለ ሰፋፊው አረም መሬቱን ይወርሰዋል። አገዳው አንዴ ካለበሰ በኋላ አረሙን በጥላው ራሱ ያፍነዋል። ባለሙያዎች የመጀመሪያዎቹን አራት ወራት የሞት ሽረት ጊዜ አድርገው የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፀረ አረሞቹም እንደየጊዜያቸው ይለያያሉ። አንዳንዱ አረሙ ከመብቀሉ በፊት እርጥብ አፈር ላይ ይረጫል፤ አትራዚንና አሜትሪን ለዚህና ገና ለጋ ለሆነ አረም ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፋፊውን ይገድላል፣ ሣር ግን አይነካም። ግላይፎሴት ያገኘውን አረንጓዴ ሁሉ ስለሚገድል ከተከላ በፊት ወይም አገዳውን ሳይነካ በጥንቃቄ ብቻ ይረጫል። እንግዲህ አረም ሳይበቅል መረጨት የነበረበት ኬሚካል አረሙ ጉልበት ከደረሰ በኋላ መጋዘን ቢገባ ምን ይፈይዳል? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ የግዥውን ቀን መቁጠሪያ እንመልከት። ፍላጎት ከእርሻ ክፍል ይሰበሰባል። በጀት ይጸድቃል። የጨረታ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ሳጥን ይከፈታል፣ የቴክኒክ ከዚያም የዋጋ ግምገማ ይካሄዳል። የተሸነፈው ቅሬታ ያቀርባል። ውል ይፈረማል፣ የውል ማስከበሪያ ይቀርባል፣ የውጭ ምንዛሪ ይጠየቃል፣ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይከፈታል። አምራቹ ያዘጋጃል፣ መርከብ ይጫናል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ የማስገቢያ ፈቃድና ጉምሩክ ይጠበቃል። ከእነዚህ እርከኖች መካከል ሕገወጥ የሆነ አንድም የለም። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። ሲደማመሩ ግን በወራት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የአገዳው የሞት ሽረት ጊዜም የሚለካው በወራት ነው።

ኬሚካሉ ሲዘገይ እርሻው ወደ ቀን ሠራተኛ ይዞራል። በእጅ ማረም ክፉ አይደለም፤ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ችግሩ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር በአንድ ጊዜ ሲያርም እጅ አለመዳረሱ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ቢባልም ቅጠሉ የሚመጣው እሳቱ ካለፈ በኋላ ይሆናል። የዘገየው ኬሚካልም መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የአገልግሎት ዘመኑን መቁጠር ይጀምራል።

ሊትሩ ስንት ነው ወይስ ሄክታሩ ስንት ነው?

ሁለተኛው ችግር የዋጋ ማወዳደሪያው ነው። ኬሚካል ነጋዴ የሚሸጠው ፈሳሽ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። በሊትሩ ውስጥ አረሙን የሚገድለው ንጥረ ነገር፣ ባለሙያዎች አክቲቭ ኢንግሪዲየንት የሚሉት፣ የተወሰነ ግራም ነው። የቀረው ማሟሚያና ማጣበቂያ ነው። ግላይፎሴት በሊትር 360 ግራም ተብሎም፣ 480 ግራም ተብሎም ይሸጣል።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንስጥ። አንድ ተጫራች ባለ 360 ግራሙን በሊትር 900 ብር፣ ሌላው ባለ 480 ግራሙን በሊትር 1,080 ብር አቀረቡ እንበል። በሊትር የሚያወዳድር ኮሚቴ ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን ይመርጣል። ለአንድ ሄክታር 1,440 ግራም ያስፈልጋል ከተባለ ግን፣ ከመጀመሪያው 4 ሊትር፣ ከሁለተኛው 3 ሊትር ይበቃል። ስሌቱ 3,600 ብርና 3,240 ብር ይሆናል። «ርካሹ» በሄክታር 360 ብር ተወደደ ማለት ነው። በ1,000 ሄክታር 360,000 ብር ይመጣል። በተጨማሪም 1,000 ሊትር ትርፍ ፈሳሽ ይጓጓዛል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከሆነ 50 ጀሪካን መርዝ የነካው ዕቃ በትርፍነት መሬት ላይ ይቀራል። ይህ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሆኖም የጨረታ ሰነዱ የዋጋ ሠንጠረዥ ላይ «የአንዱ ዋጋ» የሚለው ዓምድ ሊትር ብቻ የሚል ከሆነ፣ ኮሚቴው ሒሳቡን ቢያውቀውም የሚያስገባበት ቦታ የለውም።

ሕጉ አያስገድድም፣ ፍርሃት ግን ያስገድዳል

«ሕጉ ዝቅተኛ ዋጋ ይላል» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። በሕግ ትምህርት ላለፈ ሰው ይህ አያረካም። ለዓመታት የሠራው የፌዴራል መንግሥት የግዥና የንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል አነስተኛ ዋጋ ያቀረበውን ወይም የተሻለ ኢኮኖሚያዊ ጠቀሜታ የሚያስገኘውን ተጫራች ለመምረጥ ሁለቱንም በሮች ክፍት አድርጎ ነበር። ጠቀሜታው የሚለካበት መስፈርት አስቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ይገለጽ እንጂ አልከለከለም። የንግድ ስም ጠርቶ «ይህን ምርት» ማለትን ግን ከልክሏል፤ ሌላ መግለጫ ከጠፋ እንኳ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ቃል እንዲታከል አዟል። አዋጁ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል። የስኳር ፋብሪካዎችን የመሰሉ የመንግሥት የልማት ድርጅቶች ደግሞ ሲገዙ የኖሩት በሥራ አመራር ቦርዳቸው በሚጸድቅ የግዥ መመሪያ ነው። ይህ ማለት የማወዳደሪያውን ቀመር ለማስተካከል ፓርላማ መግባት አያስፈልግም፤ የቦርድ ውሳኔ ይበቃል።

ታዲያ ለምን አይስተካከልም? መልሱ ያለው በኮሚቴው አባል ልብ ውስጥ ይመስለኛል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በሙስና ወንጀል ተጠርጥረው ከታሰሩት መካከል የወቅቱ የስኳር ኮርፖሬሽን የሥራ ኃላፊዎች ይገኙበታል። ጉዳዩ የፀረ አረም ግዥ አልነበረም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ በዘርፉ የግዥ ሰነድ ላይ የሚፈርም ሰው ሁለት ጊዜ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዝቅተኛውን ዋጋ መርጦ ማሳው አረም ቢውጠው «ዝናቡ ነው» ይባላል፤ ማንም አይጠይቀውም። ከፍ ያለውን ዋጋ መርጦ ማሳው ቢጸዳ ግን ኦዲተር «የ180 ብር ልዩነት ለምን?» ይለዋል። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ የተቀመጠ ሰው ማሳውን ሳይሆን ራሱን ቢያድን ምን ይገርማል?

የተቃራኒውን ወገን ሐሳብም ማድመጥ ተገቢ ነው። «ዝቅተኛ ዋጋ ከተተወ ለሌባ በር ይከፈታል» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። «ጥራት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የተፈለገውን ድርጅት ማሳለፊያ ሆኖ አገልግሏል። መፍትሔው ግን ለኮሚቴው የመምረጥ ሥልጣን መጨመር አይደለም። በሄክታር የሚደረግ ስሌት ከሊትሩ ያላነሰ ጥብቅ ነው፤ ግራሙ በመለያ ጽሑፉ ላይ፣ መጠኑ በምዝገባው ላይ ተጽፏል። ማንም ተጫራች በራሱ ማስያ ሊያረጋግጠው ይችላል።

ውድድሩ ስንት ሰው አለው?

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ አረምንም ይጨምራል። በአዋጁ መሠረት ያልተመዘገበ ኬሚካል ወደ አገር አይገባም፤ ለመመዝገብም ውጤታማነቱና ጉዳቱ ይመረመራል። ቁጥጥሩን ዛሬ የሚመራው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ይህ መልካም ሕግ ነው፤ መነካትም የለበትም። ነገር ግን ለግዥው የሚያመጣውን ውጤት ማወቅ ይገባል። ምዝገባው ለተለየ ምርት፣ ለተለየ አገልግሎት ነው። ለስንዴ የተመዘገበ ሁሉ ለአገዳ ተመዝግቧል ማለት አይደለም። ስለዚህ «ግልጽ ጨረታ» ተብሎ በጋዜጣ የወጣው ውድድር፣ ለአገዳ የተመዘገበ ምርትና ወኪልነቱን የያዙ ጥቂት ድርጅቶች ውድድር ሊሆን ይችላል። የጨረታ ዝርዝሩ በአንድ ምርት የንጥረ ነገር ድብልቅ ልክ ከተሰፋ ደግሞ ስም ሳይጠራ አሸናፊው ተጠርቷል። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው ዋነኛውን የግዥ ውሳኔ የሚወስነው ጨረታው ሳይወጣ ነው ማለት ይቻላል።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሸንኮራ አገዳ ምርምር ተቋሙ ለአብቃዮች የፀረ አረም መመሪያ መጽሐፍ ያሳትማል። የትኛው ኬሚካል፣ ለየትኛው አረም፣ በየትኛው አፈር፣ በምን መጠን እንደሚሠራ አብቃዩ ራሱ ያነባል። እኛም ወንጂ ላይ የቆየ የስኳር ምርምር ማዕከል አለን። የሙከራ ውጤቱ ለሕዝብ ታትሞ የጨረታ ዝርዝሩ መነሻ ቢሆን፣ ዝርዝሩ ከማን ኪስ እንደወጣ የመጠርጠር አባዜያችንም ይቀንስ ነበር።

በርሜሉ ተቆጠረ፣ መድኃኒቱስ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሽያጭ ክፍሉ ገዥ የተረከበውን ዕቃ ሳይውል ሳያድር እንዲመረምር፣ ጉድለት ካገኘም ለሻጭ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ጎማ ሲሆን ቀላል ነው። ኬሚካል ግን በዓይን አይመረመርም። መጋዘን ውስጥ የሚቆጠረው በርሜል፣ የሚነበበው መለያ ጽሑፍ፣ የሚታየው የማብቂያ ቀን ነው። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር 480 ግራም ይሁን 300 የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ተረጭቶ ከሳምንታት በኋላ አረሙ እንደገና ሲያቆጠቁጥ ክርክሩ ይጀመራል። ገዥ «መድኃኒቱ ደካማ ነው» ይላል። ሻጭ «መስኖው ዘግይቷል፣ መርጫው አልተስተካከለም፣ መጠኑ ተቀንሷል» ይላል። ናሙናው ከወዲሁ ካልተቀመጠ ገዥው ምን ማስረጃ ይዞ ፍርድ ቤት ይቆማል? ባዶ በርሜል ምስክር አይሆንም። በርክክብ ዕለት ሁለቱ ወገኖች ናሙና ወስደው፣ አሽገው፣ ፈርመው ቢያስቀምጡና የመጨረሻው ክፍያ ከላቦራቶሪ ውጤቱ ጋር ቢያያዝ ግን ሐሰተኛ ኬሚካል የሚያቀርብ ነጋዴ ገና ከጨረታው በራፍ ይመለሳል። ወጪው ከግዥው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ሒሳቡን የሚከፍሉት እነማን ናቸው?

አንደኛዎቹ የወንጂ አካባቢ አገዳ አብቃይ ገበሬዎች ናቸው። በማኅበር ተደራጅተው አገዳ ለፋብሪካው ያቀርባሉ። ፋብሪካው ግብዓትና አገልግሎት ይሰጣቸዋል፤ ዋጋውንም ከአገዳ ሽያጫቸው ይቀንሳል። ኬሚካሉ ቢዘገይም ባይሠራም ተቀናሹ ይቀነሳል። በጨረታው ኮሚቴ ውስጥ ወንበር የላቸውም፣ የላቦራቶሪ ውጤት አያዩም። ያልገዙትን ዕቃ ዋጋ የሚከፍል ሰው ቢያንስ ሰነዱን የማየት መብት ሊኖረው ይገባል።

ሁለተኛዎቹ በጀርባቸው መርጫ ተሸክመው በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት የሚውሉት ረጪዎች ናቸው። ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ የፊት መሸፈኛና ቱታ ብዙ ጊዜ የሚገዙት በሌላ ጨረታ፣ በሌላ በጀት፣ በሌላ ወቅት ነው። ኬሚካሉ ደርሶ ጓንቱ ካልደረሰ ሥራው አይቆምም፤ አረም ቀጠሮ አይሰጥማ! ባዶው ጀሪካንም በየመንደሩ የውሃ መቅጃ ሲሆን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከታችኛው ማሳ ቲማቲም ያለው ገበሬ ደግሞ ነፋስ ያመጣው ቱ ፎር ዲ ቅጠሉን ሲያጨማድደው ለማን አቤት እንደሚል አያውቅም።

ሦስተኛው ወንዙ ነው። ወንጂና መተሐራ የአዋሽ ልጆች ናቸው፤ ከእነርሱ በታች አዋሽን የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። አትራዚን ወደ ከርሰ ምድር ውሃ የመስረግ ጠባይ ስላለው የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ከፈቃድ ዝርዝሩ አስወጥቶታል። አሜሪካ ግን ዛሬም ትጠቀምበታለች። ስለ ግላይፎሴትም ክርክሩ አልተዘጋም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 «ለካንሰር ሳያጋልጥ አይቀርም» በሚለው ምድብ ሲያስቀምጠው፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ለተጨማሪ አሥር ዓመት ፈቅዶታል። ይህ ጸሐፊ ኬሚስት አይደለም፤ ይታገድ አይታገድ የሚለውን ለባለሙያ ይተዋል። ነገር ግን ክርክር ያለበትን ዕቃ የሚገዛ መሥሪያ ቤት የጉዳቱን መጠን በግምገማው ውስጥ አንድ ነጥብ እንኳ ካልሰጠው፣ ጥያቄውን ሳይመልስ በገንዘብ ወስኖታል ማለት ነው።

አራተኛው መጪው ትውልድ ነው። ይህ ማጋነን እንዳይመስል ያለፈውን እናስታውስ። ኢትዮጵያ ለአሥርተ ዓመታት ካከማቸችው ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ውስጥ 1,500 ቶን ገደማ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በውጭ ዕርዳታ ተሰብስቦ ለማቃጠል ወደ ፊንላንድ ተጭኗል። በገንዘባችንም፣ በስጦታም የገባው መርዝ ለመውጣት እንደገና ገንዘብ ጠየቀ። ከሚያስፈልገው በላይ የተገዛ፣ ዘግይቶ የደረሰና መጋዘን ውስጥ የተረሳ ዕቃ መጨረሻው ይህ ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተባለው ሁሉ በአራት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ የዋጋ ማወዳደሪያው በሊትር መሆኑ ቀርቶ በተመዘገበው መጠን መሠረት በሄክታር ይሁን። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀመር ጨረታ ቀርቶ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የሚያገለግል የማዕቀፍ ስምምነት ይኑር፤ ርክክቡ በተከላው መርሐ ግብር ተከፋፍሎ በየወቅቱ ይምጣ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ የብር ዋጋ ስለሚዋዥቅ፣ የዋጋ ማስተካከያው ቀመር በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ያለበለዚያ አቅራቢው ውሉን ጥሎ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ የናሙና ምርመራና የመጨረሻ ክፍያ ይተሳሰሩ። አራተኛ፣ የመከላከያ አልባሳት፣ የረጪዎች ሥልጠናና የባዶ ዕቃ መሰብሰብ የዚያው ውል አካል ይሁኑ፤ ሻጩ ጀሪካኑን መልሶ ካልወሰደ የውል ማስከበሪያው አይለቀቅለት።

ከእነዚህ መካከል አዲስ ሕግ የሚጠይቅ የለም። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመውና ኋላ የኢትዮጵያ ስኳር ኢንዱስትሪ ግሩፕ የሚል ስያሜ የያዘው ተቋም ብዙ ቢሊዮን የፈሰሰባቸውን ፋብሪካዎች ይዟል። ፋብሪካዎቹ ወደ ግል ይዛወሩ አይዛወሩ የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለው። የግል ባለሀብት ቢመጣም በሄክታር ማስላት የሚጀምረው ለትርፉ ነው፤ ረጪውንና ወንዙን ግን በውል ካልተገደደ አያስታውስም። ስለዚህ ልማዱን ዛሬ ማበጀት ለሁለቱም መንገድ ይጠቅማል።

በሚቀጥለው ጊዜ ጋዜጣ ሲገልጡ «ፀረ አረም ኬሚካል» የሚል የጨረታ ማስታወቂያ ካገኙ፣ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው የወጣበት ወር ነው፤ አገዳው ተተክሎ ከሆነ ዘግይቷል። ሁለተኛው ዋጋ በምን ይቅረብ እንደሚል ነው። «በሊትር» ካለ፣ ልዩነቱን ማን እንደሚከፍለው ያውቁታል።